ፊትሽን ወደ እኔ

አንጓች ደምሌ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሃያ ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ ከቤተሰቧ በስተቀር ሙሉ ፊቷን ያየ ሰው አልነበረም።

ስድስት ዓመቷ ሳለ ፈንጣጣ ስማዳ ገባ። ሁለት ታናናሾቿን ወሰደ፤ ከእሷ ግን የግራ ዓይኗን ብርሃን ብቻ ወስዶ ተዋት። ዓይኑ በቦታው አለ፤ ነገር ግን እንደ እርጎ ነጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን በግራ በኩል ጣል አድርጋ መሄድ ለመደች። ሰው ሲያናግራት ቀኝ ጎኗን ትሰጣለች። ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ግራዋን ወደ ግድግዳ ታደርጋለች። የሚያያት ሁሉ ያንን ያማረ ግማሽ ፊት ብቻ አይቶ ያልፋል።

ይህን ልማድ ያስያዛት ግን ፈንጣጣው ብቻ አልነበረም።

አባቷ ቄስ ደምሌ ከወገዳ ቁልቁል ባለችው በዝግባ ማርያም ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረትና ቁልፍ በእጃቸው ነው። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ሁሉ ሁለት ትልልቅ ዓይን ነበራቸው። በሲኦሉ ሥዕል ላይ ያሉት ክፉዎችና አጋንንት ግን አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። አንጓች ሰባት ዓመቷ ላይ ከእናቷ ጋር ልታስቀድስ ስትገባ አንዲት የሰፈር ልጅ በጣቷ ጠቆመቻት። «ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው መጣች!» አለች። ልጆቹ ሳቁ። ከትልልቆቹ አንድ እንኳ ዝም በሉ ያለ አልነበረም።

አንጓች ያን ቀን ያለቀሰችው ለብቻዋ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ግን አመነችው።

ጊዜው ሄደ። ዕድሜዋ ለጋብቻ ሲደርስ የሚጠይቃት ጠፋ። አባቷም አሰቡ አሰቡና ቆረጡ፦ በታች ጋይንት እህታቸው የመነኮሱበት የሴቶች ገዳም አለ፤ አንጓች ከትንሣኤ በኋላ ወደዚያ ትሄዳለች። እናቷ የሺ ሰምታ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አንጓች ግን «እሺ» አለች። ምን ምርጫ አላትና።

እንግዲህ ሠዓሊው የመጣው በዚህ መካከል ነው።

አሮጌው ቤተ ክርስቲያን መብረቅ ወድቆበት ነደደ። ሕዝቡ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ሠራ፤ ጣሪያውንም ቆርቆሮ አለበሰ። ሥዕሉን የሚያሠሩት ባላምባራስ ጸጋዬ የሚባሉ የአገሩ ባለ ርስት ናቸው። በ፲፱፻፵፫ ዓመተ ምሕረት፣ ገብስ በታጨደበት በኅዳር ወር፣ ይርጋ የሚባል የእስቴ ሰው የቀለም ከረጢቱን አንግቦ መጣ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። ቁመቱ ረዘም፣ ነገሩ ቁጥብ፣ ጣቶቹ ውሃ በማያስለቅቀው ቀለም የተነከሩ ነበሩ።

ታቦቱ ገና ለጊዜው በተሠራች ጎጆ ውስጥ ስለነበረ አዲሱ ሕንጻ አልተቀደሰም። ሴቱም ወንዱም ውሃና ጭቃ ተሸክሞ ይገባል፣ ይወጣል። ለአንጓች የደረሳት ሥራ ሙጫ ማፍላት ነበር። የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ውጭ አፍልታ ታመጣለች፤ በሰሜን በኩል ባለው ባዶ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ እንዳይረጋ ታማስላለች። አቡጀዴው በዚያ ሙጫ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል፤ ሥዕሉም በአቡጀዴው ላይ ይሣላል።

«ሙጫው ቀጠነ» አለ ይርጋ አንድ ጠዋት፣ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳይዞር።

«አልቀጠነም። እርስዎ ነዎት ያስቸኮሉኝ።»

ይርጋ ብሩሹን ይዞ ቆመ። «አንቱ አትበይኝ እባክሽ። ገና ሽበት አላበቀልሁም።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው አንቱ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?»

«አባትሽ። እኔን አንተ ካልሽኝ ሙጫው ቢቀጥንም አልቆጣም።»

አንጓች ሳቋን በነጠላዋ ያዘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ አለችው።

በየጠዋቱ ቄስ ደምሌ ከዕቃ ቤቱ አንድ አሮጌ የብራና ወንጌል በጨርቅ ጠቅልለው ያመጣሉ። መብረቁ ያልነካው እሱን ብቻ ነበር። አትሮንሱ ላይ ዘርግተው ሥዕል ያለበትን ገጽ ይገልጡና አጠገቡ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። ይርጋ መጽሐፉን ሳይነካ እያየ ይሥላል። ቄስ ደምሌ ከመዝሙሩ መካከል ማንጎላጀት ሲጀምሩ ደግሞ ጨዋታ ይጀመራል።

«ይህን የሣለው ሰው ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ይሆነዋል ይላሉ አባትሽ» አለ ይርጋ።

አንጓች አንገቷን ዘንበል አድርጋ በቀኝ ዓይኗ አየችው። «ሥዕል አያውቅም ነበር እንዴ? ዓይናቸው እኮ የፊታቸውን ግማሽ ያዘው።»

«ያውቅ ነበር። መልካቸውን ለማሳየት አልደከመም። ያዩትን ለማሳየት ነው የደከመው። እግዚአብሔርን ያየ ዓይን እንደ ነበረ አይቀርም፣ ይሰፋል ብሎ ነው።»

ገጹን ደግማ አየች። ሐዋርያቱ በረድፍ ቆመው ያዩዋታል።

«ጥላስ?» አለች ቆይታ። «ዛፉም ሰውየውም ጥላ የለውም።»

ይርጋ ከመሰላሉ ዞር አለ። ከአጎቱ ዘንድ ሥዕል ሲማር ስምንት ዓመት፣ ከዚያም ሲሥል ሰባት ዓመት ኖሯል፤ ይህን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

«እንዴት አስተውለሽ አየሽው!» አለ። «ጥላ የሚኖረው ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲመጣ ነው። እነሱ ባሉበት ብርሃኑ ከሁሉም ወገን ነው። የሚደበቅ ጎን የላቸውም።»

አንጓች ያን ቀን ማሰሮዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትወርድ ይህ ቃል አብሯት ወረደ። የሚደበቅ ጎን የላቸውም። ነጠላዋን እንደ ልማዷ ወደ ግራ ልትስብ እጇን ሰደደችና ግማሽ መንገድ ላይ ቃሉ ትዝ አላት። ቢሆንም ሳበችው።

ጥምቀት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ተጠናቀቀ። አንጓች ቀለም መውቀጥ ለመደች፤ ከዚያም አልፋ በከሰል ቅጠልና ሐረግ መንደፍ ጀመረች። እጇ የተባረከ ነበር። ይርጋ ሲያይ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ሥራቸውን ትተው ምንም ሳይነጋገሩ ይቆያሉ። ቄስ ደምሌ ከእንቅልፋቸው ባንነው መዝሙሩን ከተውበት ሲቀጥሉ ሁለቱም ደንግጠው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን፣ አባቷ ለቀብር ወደ ጎረቤት አጥቢያ በሄዱበት፣ አንጓች አሥራ ሦስት ዓመት የተሸከመችውን ጥያቄ አወጣችው።

«ሰሜኑ ላይ ምንድን ነው የምትሥለው?»

«ጻድቃንና ኃጥኣን። መንግሥተ ሰማያትና ሲኦል።»

«ክፉዎቹ…» ማማሰያውን አጥብቃ ያዘችው። «ክፉዎቹን ለምንድን ነው አንድ ዓይን ብቻ የምትሰጧቸው?»

ይርጋ ከመሰላሉ ወረደ። ከሰሉን አስቀመጠ። ለምን ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንደምትመጣ፣ ለምን ነጠላዋ ከዚያ ቦታ እንደማይነቃነቅ፣ ያን ሁሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልብ ብሎት ነበር። ምክንያቱን ያወቀው ግን አሁን ነው።

«አንድ ዓይን ያላቸው አይደሉም» አለ በቀስታ። «ሁለት አላቸው። ፊታቸውን አዙረው ነው። ከእግዚአብሔርም ከሰውም ፊቱን ያዞረ ሰው ከጎኑ ይታያል፤ ከጎኑ ለሚታይ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። ዓይኑን ያጣ ሰው በሲኦል የሣለ ሠዓሊ የትም አላየሁም። ወንጌሉ ላይ እኮ ዓይነ ስውሩ በጌታ ፊት ቆሞ ነው የተሣለው፤ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ።»

አንጓች ማማሰያውን ለቀቀችው።

«ማን ነው ሌላ የነገረሽ?» አለ ይርጋ።

«ማንም» አለች። «ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ።»

«አንድ ቀን፣ ደስ ሲልሽ፣ ፊትሽን ወደ እኔ መልሽልኝ። ዛሬ አይዶለም። ደስ ሲልሽ።»

ማሰሮውን ጥላ ወጣች። ምንጩ ዳር ቁጭ ብላ እስክትደክም ድረስ አለቀሰች። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ምን ሆንሽ ቢሏት «ምንም፤ ደህና ነኝ» አለቻቸው፤ እውነቷንም ነበር። ከደረቷ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ የተነሣላት ያህል ቀሏት ነበር።

በማግሥቱ ስትመጣ ይርጋ ስለዚያ ነገር አንድም አላነሣም። ሲመሻሽ ብቻ «ከትንሣኤ በኋላ ወዴት ነሽ?» አላት።

«ገዳም።»

«ፈልገሽ?»

ማሰሮዋን አንሥታ ወጣች። እሱም አልደገመም።

ባላምባራስ ጸጋዬ ሥራውን ሊጎበኙ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። በግድግዳው ዙሪያ ዞሩ፤ አደነቁ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር የራሳቸው ሥዕል የሚገባበትን ቦታ አዩ። ከዚያ ወደ ሰሜኑ ባዶ ግድግዳ መጡና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። አንጓች ሙጫዋን እያማሰለች ትሰማለች፤ ሙጫ የምታማስል ሴት ግን ለባላምባራስ እንደ ምሰሶ ናት።

«ከኃጥኣኑ መካከል እንየውን አግባልኝ» አሉ። እንየው በድንበር የሚሟገታቸው ገበሬ ነው። «ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳትረሳ። አንድ ዓይን አድርገው።»

«አልችልም ጌታዬ» አለ ይርጋ።

«ምን አልህ?»

«ፊቱን ከእግዚአብሔር ሲያዞር አላየሁትማ። ያላየሁትን እንዴት ልሣል?»

የባላምባራስ ፊት ደም መሰለ። በትራቸውን መሬቱ ላይ መትተው ወጡ። አንጓች ስለ ይርጋ ፈራች። በዚያው ቅጽበት ግን ይህን ሰው እንደምትወደው አወቀች፤ ከእንግዲህ ለራሷ የምትደብቀው ነገር አልነበረም።

ሰማያዊው ቀለም አልቆ ነበርና በማግሥቱ ይርጋ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ሄደ። «በሳምንት እመለሳለሁ» አላት። ሌላ የሚለው ያለ ይመስል ቆመ፤ ግን ሳይለው ሄደ።

እሱ በሄደ በአራተኛው ቀን ባላምባራስ የአጥቢያውን ሽማግሎች ሰብስበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጡ። ቄስ ደምሌም ተጠሩ። አንጓችን አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ «አባትሽ ጋ ድረሺ» አለቻት።

ስትደርስ ሰው ሁሉ የሰሜኑን ግድግዳ ከቦ ቆሟል። እሷን ሲያይ መንገድ ለቀቀላት።

ሙጫዋን እያማሰለች ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ከፍ ብሎ፣ በባዶው ልስን ላይ፣ በከሰል የተሣለች ሴት አለች። ነጠላዋን በአንድ በኩል ጣል ያደረገች፣ ከጎኗ የምትታይ፣ አንድ ዓይን ያላት ሴት። ማንም ሊስታት አይችልም። አንጓች ናት።

«አያችሁ?» አሉ ባላምባራስ። «እኔ ይህን ሰው ጠርጥሬው ነበር። የገበዛችንን ልጅ፣ ያውም አምላክ የጎዳትን፣ በሲኦል ግድግዳ ላይ ሣላት። ዝም ብላችሁ ልታዩት ነው?»

አንጓች ሥዕሉን አየች። ሰባት ዓመቷ ላይ የሰማችው ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ያ ሁሉ ቃል፣ ያ ሁሉ «ፊትሽን ወደ እኔ መልሽልኝ» ታዲያ ምን ነበር? ዞራ ወጣች።

ቄስ ደምሌ ቤታቸው ገብተው ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከዚያ «ትንሣኤን አንጠብቅም። ነገ ጠዋት እንነሣለን» አሉ።

«ጾሙ እንኳ ሳይፈታ?» አለች የሺ። «ልጄን እንደ ሌባ በጥድፊያ ልታስወጣት ነው?»

«ሲሳቅባት ከማይ ይሻለኛል።»

የሺ ወደ አንጓች ዞረች። «አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እንሂድ» አለች አንጓች።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። አባትና ልጅ በአንዲት በቅሎ እየተፈራረቁ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ ወንዝ ተሻግረው ዳገት ወጥተው፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ የገዳሙ መንገድ የሚያልፍባት አርብ ገበያ ደረሱ። ገበያው ሞልቶ ነበር። ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውታል። ቄስ ደምሌ ለቤተ ክርስቲያን አቡጀዴና ሻማ ሲገዙ የኖሩት አብዱረዛቅ ከሚባሉ ነጋዴ ነው። ልጃቸውን ሱቁ በረንዳ ላይ አስቀምጠው በቅሎዋን ሊያጠጡ ወረዱ።

አብዱረዛቅ ጢማቸው የሸበተ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከጆንያዎቹ አንዱን አራግፈው «ተቀመጪ ልጄ» አሏት። «ከዝግባ ማርያም ናችሁ አይደል? ሠዓሊያችሁ እኮ እዚህ ነው። ቀለሙ ከደሴ እስኪመጣለት ስንት ቀን ጠበቀ። ዛሬ ገና ደረሰለት። አሁን ወደ ጓሮ—»

አንጓች ብድግ አለች። ግን ዘገየች። ይርጋ በወረቀት የተጠቀለለ ቀለም ይዞ ከጓሮው በር ወጣ።

«አንጓች!» ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ሰጋ። «ምን ሆነሽ ነው እዚህ?»

«ወደ ገዳም ነኝ።» እንደ ልማዷ ቀኝ ጎኗን ሰጥታው ነበር። «የሣልኸውን አየሁት።»

«የቱን?»

«በሲኦሉ ግድግዳ ላይ የሣልኸውን! ባላምባራስ አገር ሰብስበው አሳዩኝ።»

ይርጋ አመድ መሰለ። አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ይህ ዝምታ ነው አንጓችን ያቃጠላት። አሥራ ሦስት ዓመት የታመቀው ቁጣ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ መንጭቃ ጣለችና፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት፣ ሙሉ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«በል እየኝ!» አለች። «ልትሥለኝ ከሆነ አይተህ ሣለኝ! ይኸው!»

ጠበቀች። የሰው ዓይን ግራ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እንዴት ደንግጦ ወደ ሌላ እንደሚሸሽ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ያን ጠበቀች።

የይርጋ ዓይን ግን አልሸሸም። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ ሄደ። የፈንጣጣውን ጠባሳ አየ። ነጩን ዓይን አየ። ሌላውንም፣ እንባ የሞላውን፣ አየ። ከዚያ የራሱም ዓይን እንባ አቀረረ።

«ዛሬ ገና አየሁሽ» አለ።

«ታዲያ ለምን?» ቁጣዋ ከድምጿ እየወጣ ነበር። «ለምን እዚያ ግድግዳ ላይ?»

«እዚያ ትቀመጪ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። የሄድሁ ዕለት ጠዋት፣ ሳምንት ሙሉ አላይሽም ብዬ፣ ያየሁብሽ ቦታ ላይ ሣልሁሽ። ጎንሽን ብቻ ነው የማውቀው፤ ያላየሁትን ፊት ፈጥሬ መሣል ውሸት ሆነብኝ። አቡጀዴ ይለጠፍበታል፣ ማንም አያየውም አልሁ። ማጥፋት ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ጨርቅ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።» ራሱን ዝቅ አደረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግድግዳው ባዶ ስለነበረ ምን እንደሚሣልበት አላሰብሁም። አንቺን ብቻ ነው ያሰብሁት።»

አብዱረዛቅ ሚዛናቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። ቄስ ደምሌ በቅሎዋን እየሳቡ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ልጃቸውን ያለ ነጠላ፣ ፊቷን ለገበያ ሰጥታ ሲያዩ ልጓሙ ከእጃቸው ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ደረስህብን?»

ይርጋ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሲጨርስም «አባቴ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። የምጠይቃት ግን እሷ ከፈቀደች ነው» አለ።

ቄስ ደምሌ ወደ አብዱረዛቅ ተመለከቱ፤ በአገሩ ሁሉ ሚዛናቸው የታመነ ሰው ናቸውና።

«ምን ያዩኛል ቄስ?» አሉ አብዱረዛቅ። «ይህ ልጅ እዚህ ቁጭ ብሎ ስለ ልጅዎ ሲያወራኝ ነው የሰነበተው። ሙጫ አፈላሏን፣ ጥያቄዋን፣ የምትነድፈውን ሐረግ። እኔማ ሳላያት ለመድኋት!»

አንጓች ሳታስበው ሳቀች። እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር።

ቄስ ደምሌ ጆንያው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በድንገት በጣም ያረጁ መሰሉ። «እኔ የፈራሁት ሞቴን ነው» አሉ ወደ ልጃቸው። «እኔና እናትሽ ስናልፍ ማን ያያታል ብዬ ነው እንጂ ልጥልሽ አይዶለም፣ የኔ ልጅ። ሰው አፍረውባት ነው ብሎ ይሆናል። እኔ አንድም ቀን አላፈርሁብሽም።»

አንጓች አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ለዓመታት ስታስበው የኖረችው ሌላ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

«አልጠየቅሽኝማ።» ቀና አሉ። «እኔም አልጠየቅሁሽም። አሁን ልጠይቅሽ። ምን ትያለሽ?»

«ገዳሙን አልጠላሁትም። ግን እኔ እምሄደው ለመጸለይ ሳይሆን ለመደበቅ ነበር። እንደዚያማ አይሆንም።» ይርጋን አየችው፤ ዛሬ ስታየው አንገቷን አላዘነበለችም። «ወደ ቤት እንመለስ።»

ቄስ ደምሌ ከሆዳቸው ጥልቅ ተነፈሱ። ከዚያ በቅሎዋን ፈለጉ፤ በቅሎዋ የአብዱረዛቅን ባቄላ ከጆንያው እየበላች ነበር።

ከሆሳዕና ቀን ቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰበሰበ። ቄስ ደምሌ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ከሰሉ ሥዕል ለምን እንደተሣለ ተናገሩ። ከዚያ ልጃቸው በመንገድ የነገረቻቸውን አነሡ።

«ባላምባራስ፣» አሉ፣ «በዚያ ግድግዳ ላይ በሕይወት ያለ ሰው ከነጠባሳው እንዲሣል የጠየቀ ሠዓሊው ነበር ወይስ ሌላ ሰው?»

ሕዝቡ ወደ ባላምባራስ ዞረ። እንየው ከሕዝቡ መካከል ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እየዳሰሰ ቆሟል። ነገሩ ከአንዱ ጆሮ ወደ አንዱ ሲሄድ ይታያል። ባላምባራስ በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ላብ አጠመቃቸው። ያስጨነቃቸው ግን ሕዝቡ አልነበረም።

«አንተ፣» አሉ ይርጋን በመጨረሻ፣ «እኔን… እንዴት አድርገህ ልትሥለኝ ነው?»

ይርጋ ጊዜ ወሰደ። ባላምባራስም በዚያች ጊዜ ውስጥ የተጨነቁትን ያህል በሕይወታቸው ተጨንቀው አያውቁም።

«ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ጌታዬ። ፊትዎን ሙሉ፣ ሁለት ዓይን አድርጌ። ይህን ለማንም አልከለክልም።»

መጀመሪያ የሳቀው እንየው ነው። ከዚያ ሽማግሎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ በመጨረሻ ባላምባራስ ራሳቸው ላባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የድንበሩ ሙግት ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ቢቆይም ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም መባባል ጀመሩ።

የሰሜኑን ግድግዳ አቡጀዴ የለጠፈችው አንጓች ናት። ይርጋ ከሰሉን ላጥፋው ቢላት «ተወው» አለችው። ሙጫውን ቀባች፤ ጨርቁን ዘርግታ በመዳፏ አለሰለሰችው። በላዩ ላይ የተሣሉት ኃጥኣን የማንም መልክ አልነበራቸውም።

ከትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ይርጋ በስማዳ ዘመድ አልነበረውምና የላካቸው ሦስት ሰዎች እንዲህ ነበሩ፦ ከእስቴ የመጡ አንድ ቄስ፣ ገበሬው እንየው፣ እና ለዚሁ ብለው ከአርብ ገበያ ሁለት ቀን በአህያ የተጓዙ አብዱረዛቅ። ቄስ ደምሌ ሦስቱን ደጃቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ቁም ነገራቸውን ሊጠብቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ሙስሊም ሽማግሌ ከቄስ ቤት?»

«ይህችን ልጅ ከሙሽራው ቀጥሎ የማውቃት እኔ ነኝ» አሉ አብዱረዛቅ። «ደግሞም በቅሎዎ የበላችው ባቄላ አለ። እሱን ይክፈሉኝ ልል ሳይሆን፣ ለሠርጉ ምሬያታለሁ ልል ነው።»

የሺ ወደ ጓዳ ገባች። አንጓች ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ምን ልበላቸው?» አለች የሺ።

«ቶሎ እሺ በያቸው እንጂ። እኒያ ሽማግሌ ከሩቅ ነው የመጡ፤ ቆመው ቀሩ።»

የየሺ እልልታ ከወንዙ ማዶ ተሰማ።

የተጋቡት ግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ወደ እስቴ ተነሡ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ባለ አጥቢያ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሠዓሊ ይፈልግ ነበር። የሺ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻቸው። አለቀሰች፤ ግን ያ ልቅሶ ልጇን ወደ ገዳም ለመሸኘት ያዘጋጀችው ልቅሶ አልነበረም።

አንጓች በቅሎዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ግራ ቀኙን እያየች ትሄዳለች። ገበሬዎች ለዘር መሬታቸውን ያለሰልሳሉ። መንገደኞች ሰላም ይሏታል፤ አንዳንዱ ፊቷን አይቶ ይደነግጣል፤ እሷ ግን ሰላምታውን ሳትመልስ አታልፍም። ይርጋ ልጓሙን ይዞ ከፊት ይሄዳል።

«ይርጋ» አለችው።

«ወይ።»

«የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ስንት ግድግዳ አለው?»

«እንደ ሌላው ነው። አራት።»

የምትቆጥር ትመስል ነበር።

«እንግዲያው ሁለቱ የኔ ናቸው» አለች።

ይርጋ ቆመ። ዞሮ አያት። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ መንገዱን የሞላ ሳቅ።

«ሙጫውንስ ማን ሊያፈላው ነው?»

«አንተ ነሃ!» አለችው። «ደግሞ እንዳታቀጥነው።»